ጉድባና ጓሮ በከፋ አገር

የአንድን አገር ታሪክ ለመጻፍ የተነሣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ዓይኑን የሚጥለው በቤተ መንግሥቱ፣ በጦር ሜዳውና በነገሥታቱ መቃብር ላይ ነው። ይህም የሚያስነቅፍ አይደለም፤ የመንግሥት ሥራ የብዙ ሰው ዕድል የሚወሰንበት ስለ ሆነ፥ መጻፍና መነገር ይገባዋል። ነገር ግን ገበሬው በየማለዳው ዶማውን አንሥቶ ከቤቱ ጀርባ የሚቆፍረው፥ ባለቤቱም የከብቱን አዛባ በቅርጫት ተሸክማ ከእንሰቱ ሥር የምትደፋው፥ እንደ ዕለት ምግብ የተለመደ ነገር በመሆኑ፥ «ይህም ታሪክ ነው» ብሎ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። ሆኖም ስንቅ ሳይዝ የዘመተ ጦር፥ ግብር ሳይገባለት የኖረ ዙፋን በዓለም ላይ አልታየም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የከፋን ታሪክ ከዙፋኑ ሳይሆን ከጓሮው ጀምረን ለመመልከት እንሞክራለን። የአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን ካላመለከትን በቀር፥ ዓመታቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተነገሩ ናቸው።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅማ በኩል ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው፥ 460 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ቦንጋ ይገባል። ከቦንጋም ወደ ሚዛን የሚወስደውን መንገድ ሲይዝ፥ በሺሾ እንዴ ወረዳ ከምትገኘው ከሺሺንዳ ይደርሳል። አገሩ ኮረብታማ፥ አፈሩ ቀይና ጥልቅ፥ ዝናቡም ብዙ ነው፤ በዓመቱ ውስጥ ዝናብ የማይጥልባቸው ወራት ጥቂቶች ናቸው። መንገደኛው በግራና በቀኝ ሲመለከት ከቤቱ አስቀድሞ የሚታየው እንሰቱ ነው። ሰፋፊው ቅጠል ጣራውን ከብቦ ስለሚቆም፥ ከሩቅ ያየው ሰው ደን እንጂ የሰው መኖሪያ አይመስለውም። ከእንሰቱ መካከል ጢስ ሲወጣ ባየ ጊዜ ግን፥ በዚያ ቤትና ቤተ ሰብ መኖሩን ያውቃል።

እንግዲህ ከእነዚህ ጓሮዎች ወደ አንዱ ገብተን አቀማመጡን ብንመረምር፥ ያለ ሥርዓት የተተከለ የመሰለን ሁሉ ሥርዓት ያለው ሆኖ እናገኘዋለን። ለቤቱ እጅግ ቅርብ በሆነው ስፍራ ላይ ጎመን፣ በሶብላ፣ ጤና አዳምና ሌላውም ለወጥና ለመድኃኒት በየዕለቱ የሚቀነጠሰው ተክል ይገኛል፤ እናት ከምድጃዋ ብዙ ሳትርቅ የምትቆርጠው ነውና። ከዚያ ቀጥሎ ፍግና አመድ በቀላሉ በሚደርስበት ቦታ እንሰቱ ቆሟል። በእንሰቱ ጥላ ሥር ጎደሬ፣ ቦዬና ኮረሪማ ይበቅላሉ። ከዚያ ወዲያ በብርብራ፣ በሰሳ ወይም በዋንዛ ጥላ የሚጠበቀው ቡና አለ። በዳር በኩል በቆሎው ይዘራል፤ ኮርችና ግራዋ የተተከለበት አጥርም ጓሮውን ይዘጋል። ይህ አቀማመጥ በወረቀት ላይ ተነድፎ የተሰጠ አይደለም። አዛባ በጀርባና በራስ የሚሸከም ሰው፥ ብዙ ፍግ የሚፈልገውን ተክል በቅርብ፥ ጥቂት የሚበቃውን በሩቅ መትከል እንዳለበት ጉልበቱ ያስተማረው ጥበብ ነው።

ደግሞም ጓሮው በራሱ የታሪክ መዝገብ ነው። እንሰት፣ ቡናና ኮረሪማ የዚህ ምድር ተወላጆች ናቸው፤ በከፋና በአካባቢው ደኖች ውስጥ እስከ ዛሬ ድረስ ዱር በቀል ሆነው ይገኛሉ። ጎደሬ፣ ሙዝ፣ ዝንጅብል፣ እርድና ሸንኮራ አገዳ ግን ከእስያ ተነሥተው በጥንት ዘመን በባሕርና በየብስ የመጡ እንግዶች ናቸው። በቆሎ፣ ቦሎቄ፣ ዱባ፣ ስኳር ድንችና በርበሬ ደግሞ የአሜሪካ ምድር ለአውሮፓውያን ከተገለጠ በኋላ፥ ማለት ከ15ኛው መቶ ዓመት (እ.ኤ.አ.) ፍጻሜ ወዲህ፥ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፉ የደረሱ ናቸው። ድንች ወደ ኢትዮጵያ የገባው ሺምፐር በተባለ ጀርመናዊ የእፀዋት ሊቅ አማካይነት እ.ኤ.አ. በ1858 መሆኑ ይነገራል። ባሕር ዛፍም በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት መጥቶ፥ ቀስ በቀስ ከአዲስ አበባ ዙሪያ እስከ ዳር አገር ተዳረሰ። አንድ የሺሺንዳ ገበሬ በአንድ ማለዳ ሲኮተኩት፥ የአፍሪካን፣ የእስያንና የአሜሪካን ተክሎች በአንድ ዶማ ያገለግላል ማለት ነው። ስማቸውን ባናውቀውም፥ እያንዳንዱን እንግዳ ተክል ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀብሎ በጓሮው ጥግ የሞከረ አንድ ደፋር ገበሬ ወይም አንዲት ደፋር ሴት እንደ ነበሩ መገመት አያዳግትም።

አሁን ከጓሮው ወጥተን ወደ መንግሥቱ ታሪክ እንለፍ። የከፋ መንግሥት ከ14ኛው መቶ ዓመት (እ.ኤ.አ.) ገደማ ጀምሮ የቆመ፥ በሚንጆ ነገሥታት የተመራ፥ ቦንጋንና አንደራቻን መናገሻ ያደረገ መንግሥት ነበር። ቡና፣ ኮረሪማ፣ ማር፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ፥ የሚያሳዝነውም ባሪያ ጭምር፥ ከዚያ ተነሥቶ በእናርያ በኩል ወደ ጎጃም ገበያ፥ ከዚያም እስከ ምጽዋ ይጓዝ ነበር። ነገሥታቱ አገራቸውን ከውጭ ጠላት ለመጠበቅ ያበጁት ዘዴ በሰፊው የታወቀ ነው፤ በወሰናቸው ላይ ጥልቅ ጉድባ አስቆፍረው፥ በእንጨት አጥር አጠናክረው፥ መግቢያውን ዘበኛ በቆመበት በር ብቻ አድርገውት ነበር። ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ እ.ኤ.አ. በ1843 ወደ ቦንጋ ሲገባ ያገኘው በዚህ ዓይነት ተከልሎ የሚኖረውን አገር ነው።

ይህን ጉድባ የቆፈረው ማን ነው? ንጉሡ በእጁ አልቆፈረውም፤ መኳንንቱም ዶማ አልጨበጡም። የቆፈረው ሕዝቡ ነው። የእንሰቱን ጉድጓድ የሚያውቀው እጅ፥ አፈሩ በየትኛው ወራት እንደሚለሰልስ፥ ሥሩ በየት በኩል እንደሚቆረጥ የተማረው በጓሮው ነበርና፥ የወሰኑንም ጉድባ ያበጀው በዚያው ዕውቀት ነው። ከዚህ የተነሣ የከፋን ምሽግ የሚያደንቅ ሰው፥ ምሽጉን የወለደውን ጓሮ አብሮ ማድነቅ ይገባዋል።

ጉድባው ለብዙ ዘመን ጠላትን ሲመልስ ኖሮ፥ ጠብመንጃ በብዛት በታጠቀ ሠራዊት ፊት መቆም ግን አልቻለም። በ1889 ዓ.ም. በራስ ወልደ ጊዮርጊስ የተመራው የዐፄ ምኒልክ ጦር ከፋን ወጋ። የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ለወራት ያህል በደንና በገደል እየተሸሸጉ ከተዋጉ በኋላ፥ በ1890 ዓ.ም. መባቻ ገደማ ተማረኩ። እ.ኤ.አ. በ1919 በአዲስ አበባ እስከ ሞቱ ድረስም ወደ ዙፋናቸው አልተመለሱም። የከፋ ዘውድ የዐፄ ምኒልክ አማካሪ በነበረው በስዊሱ ተወላጅ በአልፍሬድ ኢልግ እጅ ወደ አውሮፓ ተሻግሮ፥ ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። በጦርነቱና ከጦርነቱም በኋላ በመጡት በረኃብ፣ በበሽታና በባሪያ ንግድ ምክንያት ብዙ ሕዝብ አለቀ፤ ብዙውም ተሰደደ። ሰው ከጠፋበት መንደር ጓሮው ጾሙን አደረ፤ የተወውንም ስፍራ ደን መልሶ ወረሰው። ዛሬ ጎብኚ «የጥንት ደን» ብሎ ከሚያደንቀው ከፊሉ፥ አንድ ጊዜ የሰው ቤት የቆመበት፥ ምድጃ የነደደበት ስፍራ እንደ ነበረ ማስታወስ ያስፈልጋል።

መንግሥት ሲፈርስ ጉድባው ተሞላ፤ ሣርም በቀለበት። ከሞት የተረፈው ሰው ግን ወደ ምድሩ ሲመለስ፥ ኑሮውን እንደ ገና የሚጀምርበት ነገር ያስፈልገው ነበር። በዚህ ጊዜ የእንሰት ጠባይ ምን ያህል እንደሚጠቅም ለመረዳት፥ አተካከሉን ጥቂት ማስረዳት ይገባል። የጓሮ እንሰት እንደ ጤፍ ወይም እንደ በቆሎ በዘር አይራባም። ገበሬው ገና ያልጎለመሰ አንድ እንሰት መርጦ፥ ግንዱን ከመሬት ጥቂት ከፍ አድርጎ ይቆርጠዋል፤ በመካከል ያለውን ለጋ ቡቃያ ጎልጉሎ ያወጣና፥ ሥሩን በአፈርና በፍግ ሸፍኖ ይተወዋል። ከጥቂት ወራት በኋላ ከዚያ ከአንድ ሥር በርካታ ፍል፥ አንዳንድ ጊዜም ከመቶ በላይ፥ ዙሪያውን ይፈላል። ፍሉ ሲጠነክር ተነቅሎ በሰፊው ይተከላል፤ እንደየአገሩም ልማድ ከስፍራ ወደ ስፍራ ይዛወራል። ለምግብ እስኪደርስ ድረስ በብዙው ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይቆያል፤ በብርዳም ደጋ ከዚያም ይበልጣል። እንግዲህ አንድ ሥር በእጁ የቀረለት ሰው፥ ዕድሜና ጉልበት ካገኘ አንድ ጓሮ አለው ማለት ነው።

ነገር ግን «ትዕግሥት ካገኘ» የሚለውንም መጨመር አለብን። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ያለው ሥራ ብዙ ነው። ዝናቡ ሳይከብድ ጉድጓዱ ይቆፈራል፤ ከተተከለ በኋላ ዙሪያው ይኮተኮታል፤ አረሙ ይነቀላል፤ የደረቀው ቅጠል ተገፍፎ ከሥሩ ይነጠፋል፤ ፍጉ በየጊዜው ይጨመራል። ጃርትና ፍልፈል ሥሩን እንዳይበሉት በሌሊት መጠበቅ፥ መተላለፊያቸውን ፈልጎ መድፈን ያሻል። ከርከሮና ዝንጀሮ ደግሞ ጎደሬውንና በቆሎውን ያጠፋሉ። ለአንድ ቤተ ሰብ የሚከብደውን ቁፋሮ ጎረቤት በደቦና በወንፈል እየተረዳዳ ይወጣዋል፤ ዛሬ በአንዱ፥ ነገ በሌላው ጓሮ እየተዘዋወረ ይቆፍራል። አዲስ ጎጆ ለሚወጣ ወጣትም ከአባትና ከጎረቤት የሚሰጠው ፍል የኑሮው መሠረት ነው።

እስካሁን ያወራነው በአብዛኛው የወንዱ ሥራ ነው። እንሰቱ ሲደርስ ግን ዋናው ሥራ ወደ ሴቶቹ ይተላለፋል። እንሰቱ ከተገነደሰ በኋላ፥ ግንድ መስለው የተደራረቡት ልባሶች አንድ በአንድ ይላጣሉ። ሴቲቱ አንዱን ልባስ ከዘንባላ ሳንቃ ላይ አጋድማ፥ በቀርከሃ መፋቂያ እየፋቀች ምግብ የሚሆነውን ከቃጫው ትለየዋለች። ሥሩንም ጥርስ ባለው መሣሪያ ታደቀዋለች። ሲጨመቅ የሚወርደው ውሃ ከረጋ በኋላ ከሥር የሚቀረው ነጭ ዱቄት ቡላ ይሆናል። የተፋቀውና የደቀቀው ተቀላቅሎ፥ በእንሰት ቅጠል በተነጠፈ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበራል፤ በላዩም ቅጠልና ድንጋይ ይጫንበታል። በዚያም ለሳምንታትና ለወራት፥ ሲያስፈልግም ከዓመት በላይ ቆይቶ ቆጮ ይሆናል። ቃጫው ለገመድና ለጆንያ፥ ቅጠሉ ለመጋገሪያና ለመጠቅለያ፥ ተረፈ ምርቱ ለከብት መኖ ይውላል። ከብቱም አዛባውን ለእንሰቱ ይመልሳል።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንፈልገው አንድ ነገር አለ። በከፋ አገር ሁለት ዓይነት ጉድጓድ ተቆፍሯል። አንደኛው ንጉሡ በወሰን ያስቆፈረው ጉድባ ነው፤ ሁለተኛው እናት በጓሮዋ የቆፈረችው የቆጮ ጉድጓድ ነው። የፊተኛው የተቆፈረው ለጦር፥ የኋለኛው የተቆፈረው ለረኃብ ነው። ስለ ፊተኛው ተጓዦች ጽፈዋል፤ ታሪክ ጸሐፊዎችም ተከራክረዋል። ስለ ኋለኛው የተጻፈው ጥቂት ነው። ሆኖም የፊተኛው በአንድ ዘመቻ ሲሰበር፥ የኋለኛው ዙፋን ቢወርድም፥ አገረ ገዢ ቢለዋወጥም፥ እስከ ዛሬ ሥራውን አልተወም። ዝናብ በዘገየበት ዓመት፥ እህል በጎተራ ባለቀ ጊዜ፥ ከመሬት ሥር የተቀበረው ምግብ ቤተ ሰቡን ያደርሰዋል። በ1966ና በ1977 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ ታላቅ ረኃብ በደረሰ ጊዜ፥ እንሰት በሚበዛባቸው የደቡብና የደቡብ ምዕራብ አገሮች ጉዳቱ በዚያ መጠን አለመክፋቱ፥ ሊቃውንት ይህን ተክል በብርቱ እንዲመረምሩት አድርጓል።

የውጭ አገር ሰዎች እንሰትን ካወቁት ቈይተዋል። እስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ዓመት (እ.ኤ.አ.) ጎንደር በነበረ ጊዜ አይቶት፥ ሥዕሉን አስነሥቶ፥ ተክሉ ከናርያ፥ ማለት ከከፋ ጎረቤት ከእናርያ፥ የመጣ መሆኑን እንደ ሰማ ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1947 ቺዝማን የተባለው የእፀዋት ሊቅ እንሰትን ከሙዝ ለይቶ በራሱ ወገን መደበው። ኦስትሪያዊው ፍሪድሪሽ ቢበርም እ.ኤ.አ. በ1905 ከፋን ጎብኝቶ፥ ስለ ሕዝቡ ኑሮና ልማድ የሚናገር ሰፊ መጽሐፍ በሁለት ክፍል እ.ኤ.አ. በ1920 እና በ1923 አሳትሟል። በገዛ አገራችን ግን በሰሜን ያደገ ብዙ ሰው እንሰትን የሚያውቀው ዳቦ በሚጋገርበት ቅጠሉ፥ በኮባነቱ ነው። ምግብ መሆኑን ሲሰማ የሚደነቅ አለ፤ የሚንቅም አልታጣም። ፈረንጆቹ «ሐሰተኛ ሙዝ» ያሉትን ስም ሳይመረምር የሚደግም የተማረ ሰውም አለ። ወደ 20 ሚሊዮን የሚሆን ኢትዮጵያዊ በምግብነት የሚደገፍበት ተክል ግን በምንም መንገድ ሐሰተኛ ሊባል አይገባውም።

የጓሮው ባለቤት የሆነው ሰው በመሬቱ ላይ የነበረው መብት ደግሞ በየዘመኑ ተለዋውጧል። ከ1889 ዓ.ም. ዘመቻ በኋላ የከፋ ገበሬ ገባር ሆነ፤ ከጓሮው ፍሬ በተጨማሪ በጉልበቱ የጌታውን አጥር ያጥር፥ እንጨቱን ይፈልጥ፥ ጭነቱን ይሸከም ነበር። ለጌታው በቆፈረበት ቀን የራሱ ጓሮ ሳይቆፈር ይውላል። በየካቲት ወር 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኛነትን አስቀርቶ፥ ለአንድ ቤተ ሰብ ከ10 ሄክታር የማይበልጥ ይዞታ ፈቀደ። ዳሩ ግን ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ የመንደር ምሥረታ ዘመቻ ሲካሄድ፥ ከፋን ጨምሮ በብዙ ክፍለ ሀገሮች ገበሬዎች ከነባር ቤታቸው ተነሥተው በተርታ በተሠሩ መንደሮች እንዲሰፍሩ ተደረገ። ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ለማቅረብ የታሰበ መሆኑ ቢነገርም፥ አሳቢዎቹ አንድ ነገር ዘንግተው ነበር፤ ቤት በአንድ ወር ይሠራል፥ ጓሮ ግን በአንድ ወር አይሠራም። ለዓመታት ፍግ የጠገበውን አፈር፥ የቆመውን እንሰትና ቡና በጀርባ አዝሎ መሄድ አይቻልም። መንግሥቱ ከተለወጠበት ከ1983 ዓ.ም. በፊት እንኳ ሕጉ እንደ ላላ ብዙ ሰው ወደ ቀድሞ ስፍራው መመለሱ፥ የጓሮን ዋጋ ከማንኛውም ክርክር ይልቅ ያስረዳል።

ስለ ጓሮ ስንናገር ጓሮ የተነፈገውንም ወገን ማስታወስ እውነተኛ ታሪክ የሚጠይቀው ነገር ነው። በከፋ ኅብረተ ሰብ ውስጥ ማንጆ የሚባሉት ወገኖች በአደንና በደን ፍሬ ይኖሩ ነበር፤ ከሌላውም ሕዝብ ጋር በማዕድና በጋብቻ እንዳይቀላቀሉ በልማድ ተገልለው፥ በደን ዳር ሲገፉ ኖረዋል። ከብት ያላበዛ ሰው ፍግ የለውም፤ ፍግ የሌለው ሰው እንሰቱ ይቀጭጫል፤ እንሰቱ የቀጨጨበት ሰው ደግሞ እንጨትና ከሰል ሸጦ ለማደር ይገደዳል። ስለዚህ መገለል በአፍ የሚነገር ንቀት ብቻ ሳይሆን፥ በአፈር ላይ የሚታይ ነገር ነው። ሕግ ሰውን ሁሉ እኩል ባደረገበት በአሁኑ ዘመን፥ ጎረቤት ለጎረቤቱ የእንሰት ፍል ማካፈሉ ከብዙ ስብከት ይበልጣል።

ከሁሉ በላይ ዛሬ ጓሮውን የሚያሰጋው ጠላት ጠብመንጃ የያዘ አይደለም። የእንሰት አጠውልግ በሽታ ነው። ይህን በሽታ የሚያመጣውን ባክቴሪያ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ እ.ኤ.አ. በ1968 መርምረው ለዓለም አስታወቁ። በሽታው ሙዝንም እንደሚያጠፋ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ታወቀ፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ በኡጋንዳ የሙዝ እርሻ ላይ ተገኘ። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይጠወልጋል፤ ግንዱ ሲቆረጥ ቢጫማ ፈሳሽ ይወጣዋል፤ በመጨረሻም ተክሉ ይሞታል። ከታመመ በኋላ የሚያድነው መድኃኒት አልተገኘለትም። እጅግ የሚያሳዝነው ነገር በሽታው ከሚተላለፍባቸው መንገዶች ዋነኛው የገበሬው ቢላዋና ዶማ መሆኑ ነው። በደቦና በወንፈል ከጓሮ ወደ ጓሮ የሚዞረው መሣሪያ፥ በውሰት ከጎረቤት የመጣው መፋቂያ፥ በስጦታ የተላከው ፍል፥ ያ ሁሉ የመረዳዳት ምልክት የነበረው፥ ሞትን ተሸክሞ ሊገባ ይችላል። የታመመ እንሰት ቅጠል የበላ ከብትም በጓሮው ሲዘዋወር ያስተላልፋል።

ይህ ማለት ግን መረዳዳት ይቅር ማለት አይደለም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የአባቶቻችን ቃል ዛሬም እውነት ነው። የሚያስፈልገው በመረዳዳቱ ላይ ጥንቃቄን መጨመር ነው። ከአንድ ጓሮ ወደ ሌላ ጓሮ ከመሻገር በፊት የቢላዋውንና የዶማውን ስለት በእሳት ማቃጠል፥ የታመመውን ተክል ነቅሎ አርቆ በጥልቅ ጉድጓድ መቅበር፥ ከብት ወደ ታመመው ስፍራ እንዳይገባ መከልከል፥ ፍል ከመቀበል በፊት የመጣበትን ጓሮ መጠየቅ፥ እነዚህ ሁሉ ገንዘብ የማያስወጡ ሥራዎች ናቸው። አንድ ሰው ብቻውን ቢያደርጋቸው ግን አይጠቅሙም፤ መንደሩ በሙሉ ሊስማማባቸው ይገባል። የድሮው ጉድባ የተቆፈረው አገር ሁሉ ስለ ተባበረ እንደ ሆነ፥ በዚህ በማይታይ ጠላት ላይ የሚቆፈረው ጉድባም እንዲሁ ትብብር ይሻል።

ሁለተኛው ሥጋት የመዘንጋት ሥጋት ነው። ቡናና ጫት ፈጣን ገንዘብ ያመጣሉ፤ ባሕር ዛፍም ሥራ ሳይጠይቅ ያድጋል። ስለዚህ እንሰቱን ነቅሎ በአንድ ዓይነት ተክል ብቻ መሬቱን የሚሞላ ሰው እየበዛ ነው። ገንዘብ መፈለጉ አይነቀፍም፤ ልጅ የሚማረው፥ ቆርቆሮ የሚገዛው በገንዘብ ነው። ይሁን እንጂ የቡና ዋጋ በሩቅ አገር ገበያ ሲወድቅ፥ በጓሮ ያለው እንሰት ዋጋው አይወድቅም። ደግሞም በከፋ ገበሬዎች ዘንድ እያንዳንዱ የእንሰት ዓይነት የራሱ ስም አለው፤ አንዱ ለቆጮ፥ አንዱ ተቀቅሎ ለመበላት፥ አንዱ ለቃጫ፥ አንዱም ለመድኃኒት ይመረጣል። አንድ ዓይነት ከጓሮ ሲጠፋ ስሙም ከአፍ ይጠፋል፤ ስሙን የምታውቀው አሮጊት ስታርፍ ደግሞ፥ ጠባዩን የሚያውቅ አይቀርም።

ይህን ዕውቀት ለማዳን የደከሙ ሊቃውንት አልጠፉም። ዘመደ አስፋው ስለ ኢትዮጵያ የጓሮ እርሻ ለብዙ ዓመታት አጥንተው ጽፈዋል፤ ፈለቀ ወልደየስም የባስኬቶንና የከፋን ጓሮዎችና ቅመሞች መርምረው ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጥናት ጽሑፍ አቅርበዋል። የከፋ ደንም በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከዓለም የሕይወት ቀጠና ጥብቅ ስፍራዎች አንዱ ሆኖ ተመዝግቧል። ደኑ መመዝገቡ የሚያስደስት ነው፤ ነገር ግን ከደኑ ዳር ያለው ጓሮ ካልበለጸገ፥ የተራበ ሰው መጥረቢያውን ይዞ ወደ ደኑ መግባቱ አይቀርም። ጓሮው የደኑ ዘበኛ ነው።

እንግዲህ ይህን ጽሑፍ የሚያነብ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ፥ መምህር ወይም ተማሪ ምን ሊያደርግ ይችላል? የግብርና ሠራተኛው ገበሬውን ለማስተማር ሲሄድ፥ አስቀድሞ ከገበሬው፥ ይልቁንም ከባለቤቱ፥ ሊጠይቅና ሊማር ይችላል፤ የስብሰባውም ጥሪ ለአባ ወራው ብቻ ከሆነ፥ እንሰቱን የምትፍቀው ሳትሰማ መቅረቷን ያስብ። መምህሩ በትምህርት ቤቱ ግቢ አንድ ጥግ ከፍሎ፥ ተማሪዎቹ ከየቤታቸው ያመጡትን ጤናማ ፍል ከነስሙ ሊያስተክል ይችላል። ተማሪውም ለዕረፍት ወደ ቤቱ ሲመለስ እርሳስና ደብተር ይዞ ከአያቱ አጠገብ ቢቀመጥ፥ በማንኛውም ቤተ መጻሕፍት የማያገኘውን መጽሐፍ ይጽፋል። ቦንጋ በ2014 ዓ.ም. በተመሠረተው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ከዋና ዋና ከተሞች አንዷ ሆናለች፤ አዳዲስ ቢሮዎች በሚከፈቱባት በዚህች ከተማ፥ ከመዝገብ ቤቱ ፋይሎች መካከል አንዱ የጓሮ ዕውቀት መዝገብ ቢሆን ምንኛ ባማረ።

የነገሥታቱ ጉድባ በብዙ ስፍራ ዛሬ የሚታየው እንደ ሣር የለበሰ ዝቅታ ሆኖ ነው። ዘውዱም ባሕር ተሻግሮ ተመልሷል። በሺሺንዳ ግን ነገ ጧት ጤዛው ሳይረግፍ አንድ ሰው ዶማውን ይዞ ከቤቱ ጀርባ ይሄዳል፤ አንዲት ሴትም የአዛባ ቅርጫቷን ተሸክማ ትከተለዋለች። የሚቆፍሩት ጉድጓድ ፍሬውን የሚሰጠው ከአምስትና ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። ለዚያ ዘመን የሚተክል ሰው፥ ነገ እንደሚኖር በአፉ ሳይሆን በእጁ ይመሰክራል። ከፋን እስከ ዛሬ ያኖረው ይህ ምስክርነት ነው፤ ልንጽፈውና ልንጠብቀው የሚገባን ታሪክም ይኸው ነው።